ጽጌረዳ ማስቀመጫ ውስጥ አንገቷን ስትደፋ

ጠዋት የተቆረጠች ጽጌረዳ ማታ ላይ አንገቷ ከእንቡጡ ሥር ታጥፎ ከተገኘ፣ ማስቀመጫው ሙሉ ቢሆንም ውሃ ጠምቷታል። ሲቆረጥ በዘንጉ ጫፍ አየር ገብቶ ውሃ የሚወጣባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ዘግቷል። ከሦስት አራት ቀን በኋላ ከሆነ የዘጋው ባክቴሪያ ነው፤ ውሃው ይደፈርሳል፣ ጫፉም ሲነካ ያሟልጫል።

ጎድጓዳ ሳህን ላይ ለብ ያለ ውሃ ሞልተው፣ ጫፉን እንደነከሩ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በሰያፍ ይቁረጡ። ዶልዱም መቀስ ዘንጉን ስለሚጨፈልቀው ስል ቢላ ይሻላል። ከዚያ አንገቷ ቀጥ እንዲል አበባዋን ከነዘንጓ በጋዜጣ ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያቁሟት። ያልዘገየች ትነሳለች።

ለማስቀመጫው፦ 1 ሊትር ውሃ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪና። ብዙ ሰው ስኳር ብቻ ይጨምራል፤ ያ ባክቴሪያውን መቀለብ ነው። በረኪናውን መጨረሻ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ይጨምሩ፤ ከሎሚ ጋር ሳይቀጥን ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ ያርግፉ፣ በየሁለት ቀኑም ውሃውን ይለውጡ።

እንቡጡ ሳይፈታ ከደረቀ ያለጊዜው ተቆርጧል። ከእንቡጡ ሥር ያሉትን አምስት ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ይዩ፤ ወደ ታች ታጥፈው፣ ከውጭ በኩል ያሉት አንድ ሁለት የአበባው ቅጠሎች ላላ ሲሉ ደርሷል። ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ ባልዲ ውሃ ይዘው ይቁረጡ። ተክሉ ላይ በሚቀረው ቅርንጫፍ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ትናንሽ ቅጠል ያሏቸው ቢያንስ ሁለት ቅጠሎች ይቅሩ፤ አለዚያ ቀጣዩ ዘንግ ቀጭን፣ አንገቱም ደካማ ይሆናል። ዳሊያ ግን ከተቆረጠ በኋላ ብዙም አይፈካም፤ ሲፈካ ይቁረጡት።

ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ሻጋታ ነው፤ ጥላና መጨናነቅ ይወዳል። መሀሉን ገርዘው አየር ያስገቡ፤ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው በሳምንት አንዴ፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይርጩ። ቤኪንግ ፓውደር አይተካውም።

የካርኔሽን አበባ እንደተኛ ከተጨማደደ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የበሰለ ሙዝ መኖሩን ይመልከቱ፤ የሚያወጣው ኤትሊን ጋዝ ነው የሚያጠወልገው። አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ።