ወንድም ወንድሙን መትቶ ሲፈረድበት፦ በይግባኝ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ የቤተሰብ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ያልቃል። ፍርድ ቤት ደርሶ «ጥፋተኛ ነህ» ከተባለ በኋላ ግን መንገዱ ሌላ ነው። ይግባኙን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን ዘመድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሽማግሌ እየጠበቁ ቀን ማሳለፍ ነው። «አቦ ተዉት፣ የወንድማማች ነገር ነው፣ ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን» ይባላል። ሕጉ በዓል አይጠብቅም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ይግባኝ ማለታችሁን ለፈረደው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር (የመዝገብ ቤት ኃላፊ) የምታሳውቁት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው። የፍርዱ ግልባጭ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ዝርዝር ማመልከቻውን ለማስገባት 30 ቀን አላችሁ። ቀኑ ካለፈ ለማስፈቀድ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን የዘገያችሁት በራሳችሁ ጥፋት አለመሆኑን ማሳየት አለባችሁ። «ሽማግሌ ስንጠብቅ ነው» የሚለው ብዙም አያስኬድም።

ሁለተኛው ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። አጎት ወይም ታላቅ እህት «እመን፣ ይቅልልሃል፣ በኋላ ይግባኝ እንላለን» ብለው ልጁን ያሳምኑታል። ልጁም ያምናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ድርጊቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት የሚችለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው። «እኔ አልመታሁም»፣ «ራሴን ስከላከል ነው» የሚለው ክርክር ያን ዕለት ተዘግቷል። ስለዚህ ጠበቃ የሚፈለገው ከማመን በፊት ነው፤ ካመኑ በኋላ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው መንግሥት የሚያቆምለት ተከላካይ ጠበቃ እንዳለም አትርሱ።

ማመልከቻው ላይ የቤተሰቡን ታሪክ መዘርገፍም የተለመደ ነው። የአባት ውርስ፣ የ10 ዓመት ኩርፊያ፣ ምራት የተናገረችው ነገር። ዳኛው የሚፈልገው የሥር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ የፈረደው፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ነው። ለምሳሌ የድል ጮራ ሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ ቀላል ጉዳት ብቻ እያሳየ ፍርዱ የተሰጠው በወንጀል ሕጉ የከባድ የአካል ጉዳት አንቀጽ፣ በ555 ከሆነ፣ ዋናው ነጥባችሁ ይሄ ነው። በ555 ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። በቀላል የአካል ጉዳት አንቀጽ፣ በ556 ንዑስ አንቀጽ 1 ደግሞ ከ1 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ይህን በአንድ ገጽ በግልጽ መጻፍ ከአምስት ገጽ ለቅሶ ይሻላል።

የዕርቅ ወረቀትን እንደ ነፃ መውጫ መቁጠርም አለ። ጥፋተኝነትን አያጠፋም። ከልብ መጸጸትና ተበዳዩን መካስ ግን ቅጣት ያቀላል፤ ስለዚህ ወረቀቱን በማቅለያነት አቅርቡት።

«ያላቀረብነውን ምስክር እዚያ እናሰማለን» አትበሉ። ይግባኝ ሰሚው በዋናነት የሚመረምረው መዝገቡን ነው። ተጨማሪ ማስረጃ የሚሰማው ራሱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው።

ይግባኝ ስላላችሁም ልጁ ያን ቀን አይፈታም። ዋስትና ለብቻው ይጠየቃል።

ሐረር ውስጥ ተፈርዶበት የነበረ ዘመድ የሰጣችሁን አቅጣጫ እንዳለ አትከተሉ። ሥነ ሥርዓቱ አንድ ነው፣ ፍርድ ቤቱ ግን ይለያል። የእርሱ ጉዳይ የታየው በሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተፈረደ የአካል ጉዳት መዝገብ ይግባኙ የሚሄደው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

የተመታውን ወንድም ደግሞ «ቃልህን ቀይር» ብላችሁ አታስጨንቁት። በሐሰት መመስከር ራሱ ወንጀል ነው። አንድ ልጅ ለማስፈታት ስትሮጡ ሁለተኛውን ልታሳስሩ ትችላላችሁ፤ እናትየዋም ስንቅ ለሁለት ማመላለስ ይጠብቃታል።