ጽሑፉ የጠፋ ስፒከር ስንት ኦም ነው?

ደሴ ላይ ያገለገለ ስፒከር ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለው የኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ነው የምታገኙት። ገመዱን ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉና በቴስተር (መልቲሜትር)፣ ማዞሪያውን 200 ኦም ላይ አድርጋችሁ ስፒከሩን ለኩት። በመጀመሪያ ግን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አነካኩና የሚያሳየውን ቀንሱ፤ የኔው 0.4 ያሳያል። ከ3 እስከ 3.5 ካነበበ ባለ 4 ኦም ነው፤ ከ5.5 እስከ 7 ከሆነ ባለ 8። ንባቡ ከተጻፈው ኦም የሚያንሰው ቴስተሩ የጥቅሉን ሽቦ ብቻ ስለሚለካ ነው።

አምፕሊፋየሩ 8 ኦም ብቻ የሚል ከሆነ ባለ 4 አትሰኩበት፣ እባካችሁ! ሁለት ባለ 8 በአንድ መስመር ላይ በፓራለል (ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ) ማሰርም ያው 4 ነው፤ ከረንቱ እጥፍ ይሆንና ትራንዚስተሩ ይቃጠላል። ካፓሲተር (የቴስተሩን ከረንት የሚያግድ ዕቃ) ላለው ትዊተር፣ ማለትም ቀጭን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሽ ስፒከር ብቻ፣ ይህ አለካክ አይሠራም፤ ቴስተሩ ምንም አያነብም።