ዲፍራግ አልጨርስ ሲል፦ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዲፍራግ ማድረግን፣ ማለትም የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን መልሶ ማገጣጠምን ነው። ምክሩ ከድሮዎቹ ዊንዶውሶች ዘመን ጀምሮ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው፤ ያን ጊዜ ትክክል ነበር፣ ዛሬም አንዳንዴ ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው ዲፍራጉ እምቢ ሲል፣ መሃል ላይ ሲቆም ወይም ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ለውጥ ሳያመጣ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ያንኑ ቁልፍ ደጋግሞ መጫን ይጀመራል፤ እምቢታው ግን ስለ ዲስኩ የሚናገረው ነገር አለ። ከዚህ በታች ያለው ዊንዶውስ 10 እና 11 ለሚጠቀሙ ሰዎች ነው።

መበላሸት የጀመረ ዲስክን ዲፍራግ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ዲፍራግ ማለት በዲስኩ ላይ ተበታትነው የተቀመጡ የፋይል ቁርጥራጮችን እያነበቡ ሌላ ቦታ ላይ አቀጣጥሎ መጻፍ ነው። ጤነኛ ዲስክ ይህን ይችለዋል። የተጎዱ ሴክተሮች (መረጃ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ያሉበት ዲስክ ግን ለሰዓታት ያለማቋረጥ እንዲያነብና እንዲጽፍ ሲገደድ የቀረችውን ጥቂት ዕድሜ በማይረባ ሥራ ላይ ይጨርሳታል።

ምልክቶቹን መለየት አያስቸግርም። ፋይል ሲገለብጡ ፍጥነቱ ዜሮ ይገባና ቆይቶ ይመለሳል፤ ፎልደር ሲከፍቱ ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀራል፤ ዲስኩ ማንም ሳይነካው ጠፍቶ እንደገና ይታያል፤ ወይም ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። ድምፅ ካለ ነቅለው ያስቀምጡት፤ ውስጡ ያለው የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ዳታ በማዳን ሥራ ላይ ለተሠማራ ባለሙያ ይስጡት። ድምፅ ከሌለ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍተው ሁለት መስመሮችን ይመልከቱ፦ ሪአሎኬትድ ሴክተርስ (ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ) እና ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር። በተለይ ሁለተኛው በሮው ቫልዩስ (Raw Values) ዓምድ ላይ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዲስኩ ማንበብ ያቃተው ቦታ አለ ማለት ነው። አንዳንድ የዩኤስቢ ማቀፊያዎች ይህን መረጃ ወደ ኮምፒውተሩ አያሳልፉም፤ ፕሮግራሙ ምንም ካላሳየ ዲስኩ ደህና ነው ብለው አይደምድሙ።

ጥርጣሬ ካለ መጀመሪያ ቅጂ ይውሰዱ፤ የሚገለብጡትንም በቅደም ተከተል ያስቡበት። ሠርግ የሚቀርጽ ስቱዲዮ ከሆኑ ለሙሽሮቹ ገና ያልተሰጠው ቪዲዮ ይቀድማል፤ ከጓደኛ የተገለበጠው ተከታታይ ፊልም ሌላ ቀን ይገኛል። የተጎዳ ሴክተር ፈልጎ የሚያድነውን ረጅም ፍተሻም ቅጂ ሳይወስዱ አያስጀምሩ፤ እሱም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር የሚያስነብብ ከባድ ሥራ ነው።

የዲስኩን ዓይነት አለማየት

በኪስ ከሚያዙት ትንንሽ ኤክስተርናሎች አንዳንዶቹ ኤስኤስዲ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳህንም ሆነ የሚንቀሳቀስ የማንበቢያ ክንድ የለውም፤ ስለዚህ የፋይል መበታተን ያን ያህል አያዘገየውም። ዲፍራግ ሲደረግ የሚያገኘው የጽሑፍ ብዛትን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ዕድሜውን ይበላል። ፍላሽም እንዲሁ ነው። የዊንዶውሱ መሣሪያ (Defragment and Optimize Drives) ኤስኤስዲን ከለየ ዲፍራግ በማድረግ ፈንታ ትሪም የሚባለውን ሥራ ይሠራል፤ ይህም የተሰረዙ ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ ለኤስኤስዲው ማሳወቅ ነው። በዩኤስቢ ሲገናኝ ግን ዓይነቱን የሚስትበት ጊዜ ስላለ፣ በመሣሪያው መስኮት ላይ ያለውን የዓይነት ዓምድ (Media type) ብቻ ሳያምኑ በዲስኩ ጀርባ ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ።

መልእክቱን ሳያነቡ እንደገና መሞከር

ዲፍራግ አልጀምርም ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው፣ ዲስኩ ሥራ ላይ እያለ ተነቅሎ ወይም መብራት ጠፍቶበት ዊንዶውስ የስህተት ምልክት ያደረገበት መሆኑ ነው። ይህ ምልክት እስካልተነሣ ድረስ ዲፍራግ አይሠራም። መፍትሔው በድራይቩ ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎም ቱልስ ውስጥ ገብቶ ቼክ የሚለውን ማስኬድ ነው። ምልክቱ ተነሥቶ በማግስቱ ከተመለሰ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ስህተት ተመልሰው የዲስኩን ጤና ይመርምሩ።

ሁለተኛው የፋይል ሥርዓቱ፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ ነው። ዲስኩ ከማክም ከዊንዶውስም ጋር እንዲሠራ ተብሎ በኤክስፋት ፎርማት የተደረገ ከሆነ፣ የዊንዶውሱ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ማስተካከል አይቻልም የሚል መልእክት ብቻ ያሳያል። ይህ ብልሽት አይደለም። ኤክስፋትን ወደ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የራሱ የፋይል ሥርዓት) ለመቀየር በዲስኩ ያለውን ሁሉ ሰርዞ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማክ ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይጫንለት ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ለዲፍራግ ብቻ ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይመስለኝም።

ጢም ብሎ በሞላ ዲስክ ላይ መጀመር

ዲፍራግ በአግባቡ እንዲሠራ ቢያንስ 15 በመቶ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ በሚያሳየው የ1 ቴራባይት ዲስክ ላይ ይህ 140 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ከዚያ ባነሰ ቦታ መጀመር፣ በታጨቀ ጓዳ ውስጥ አንዱን ማዳበሪያ ለማንሣት ሌላውን የት እንደሚያስቀምጡ እንደማጣት ነው። የድራይቩን ሪሳይክል ቢን ባዶ ያድርጉ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የተገለበጡ ፊልሞችንም ያጥፉ።

ኬብሉንና መብራቱን መርሳት

በዩኤስቢ 2 በኩል በተግባር የሚገኘው ፍጥነት በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ቴራባይት ለማንበብ ብቻ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዲፍራግ ደግሞ መልሶም ይጽፋል። ሰማያዊውን የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ይጠቀሙ፤ የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ መሃል አያስገቡ። የላፕቶፑን የእንቅልፍ ሰዓት ያጥፉት፤ ብዙ ጊዜ "ሌሊት ላይ ቆመ" የሚባለው ኮምፒውተሩ ስለተኛ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሥራውን በዴስክቶፕ ሳይሆን ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ያድርጉት። ይህ የሚጠቅመው ግን ኃይሉን ከዩኤስቢ ለሚወስደው ትንሹ ዲስክ ነው፤ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዲስክ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የዊንዶውሱ መሣሪያ ፋይሎችን ቀስ በቀስ ስለሚያዛውር ድንገት ቢቋረጥ ፋይል መጥፋቱ የተለመደ አይደለም፤ ቢሆንም ቼክ ሳያደርጉ ሥራውን አይቀጥሉ።

መቶኛውን ማምለክ

ዲፍራግ በዙር ነው የሚሠራው። አንዱ ዙር መቶ ደርሶ ሌላው ከዜሮ ሲጀምር ተበላሸ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ሌላው ደግሞ የመበታተኑ መጠን የግድ ዜሮ እስኪሆን መድገም ነው። ዊንዶውስ ከ64 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ቁርጥራጮችን በሂሳቡ ውስጥ አያስገባም፤ ምክንያቱም እነሱን መቀጠል የሚያስገኘው ፍጥነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በፊልምና በቪዲዮ በተሞላ ዲስክ ላይ ዲፍራግ ልዩነት የማያሳየው ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የሚሽከረከር ሳህን ያላቸው ብዙ ትንንሽ ኤክስተርናሎች መረጃ የሚጽፉት መስመሮቹን በከፊል እያነባበሩ ነው፤ እነዚህ ላይ የጻፉትን መልሶ መጻፍ እጅግ ያዘግማል።

በየሳምንቱ በእጅ መድገምም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ በነባሪው የሳምንት ፕሮግራም አለው።

አጭሩን መንገድ አለመሞከር

ሌላ ባዶ ዲስክ ካለዎት ዲፍራጉን ጨርሶ መተው ይቻላል። ሁሉንም ወደዚያ ይገልብጡ፣ የመጀመሪያውን ፎርማት ያድርጉ፣ ከዚያ መልሰው ይገልብጡ። ባዶ ዲስክ ላይ በተከታታይ የሚጻፍ ፋይል በአብዛኛው ሳይበታተን ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜም ሥራው ከዲፍራጉ ቀድሞ ያልቃል፤ መሃል ላይም ሁለተኛ ቅጂ ይኖርዎታል። ፎርማት ከማድረግዎ በፊት ግን የፋይሎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን በሁለቱም ዲስኮች ላይ ያመሳክሩ፤ ጥቂት ትልልቅ ቪዲዮዎችንም ከአዲሱ ቅጂ ላይ ከፍተው መሃላቸውንና መጨረሻቸውን ይመልከቱ።