ግድግዳው ውስጥ የጠፋው ቀይ ሻሽ

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ያነሳሁት ፎቶ ሁለት ማታ አለፋኝ። ደማቅ ቀይ ሻሽ ያሰሩ እናት አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ሥር ያልፋሉ። በቀለሙ ዓይን ይስባል። ጂምፕ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ዲሳቹሬት ስለው (ቀለሙን አጥፍቼ ጥቁርና ነጭ ሳደርገው) ግን ሻሹም ግድግዳውም አንድ ዓይነት አመድማ ሆኑ፤ ፊታቸው ብቻ ከግድግዳ የወጣ ይመስላል! ኮንትራስት ብጨምር ጥላው ጠቆረ እንጂ ሻሹ አልለይ አለ።

ጥፋቱ የኔ ምርጫ ነበር፤ ከዲሳቹሬት የስሌት ዓይነቶች "ላይትነስ" የሚለውን ነበር የመረጥሁት። "ላይትነስ" የሚሰላው ከእያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥሮች ትልቁንና ትንሹን ደምሮ ለሁለት በማካፈል ነው። ስለዚህ ንጹሕ ቀይና ንጹሕ አረንጓዴ እኩል 50 ከመቶ ይወጣሉ። ሌላው የስሌት ዓይነት "ሉማ" ለአረንጓዴ የበለጠ ክብደት ስለሚሰጥ ሁለቱን ለየልኝ፤ ግን ሻሹን አጠቆረው። እኔ ደግሞ እንዲበራ ነው የፈለግሁት።

መላው የተገኘው በሜኑው ከለርስ፣ ከዚያ ኮምፖነንትስ ሥር ካለው ሞኖ ሚክሰር ነው፤ እያንዳንዱ ቀለም ለጥቁርና ነጩ ስንት እንደሚያዋጣ ራስህ የምትወስንበት መሣሪያ ነው። ቀዩን 0.8፣ አረንጓዴውን 0.2፣ ሰማያዊውን 0 አደረግሁ። ድምሩ 1 ከሆነ የፎቶው ብርሃን ብዙም አይዛባም። ሻሹ ነጣ፣ ግድግዳው ጠቆረ፣ በጣሪያዎቹ መካከል የምትታየው ቁራጭ ሰማይም ጠቆር አለች፤ በፊልም ዘመን ሌንስ ላይ ቀይ ማጣሪያ ሲገጠም እንደሚሆነው ማለት ነው። የሴትየዋ ፊት ግን ከልክ በላይ ስለፈካ ቀዩን ወደ 0.65 አውርጄ የቀረውን ለአረንጓዴው ሰጠሁት።

ይህን ሁሉ የሠራሁት በሌየሩ (በፎቶው ንብርብር) ቅጂ ላይ ነው። ባለቀለሙ ከሥር አለ፤ እናቴ እሱን ነው የምትወደው።