ገንዘቡን ልጁ ይያዝ

የባሕር ዳር ወላጆች፣ ክረምት ሲገባና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህን ሞክሩ። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ልጃችሁ ገንዘቡን ይያዝ። የሚገዛውን ራሱ ይጻፍ፤ ዋጋ ይጠይቅ፣ ይከራከር፣ መልሱን ይቁጠር። እናንተ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ተከተሉት። የፈረጠ ቲማቲም ሲመርጥ ብታዩም ዝም በሉ (ከባዱ ይህ ነው)፤ ቤት ገብቶ ሲከትፈው ይገባዋል። አዎ፣ ወንዱም ይክተፍ! ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ተወድዶ ገንዘቡ ካልበቃ በምን እንደሚተካው ራሱ ያስብ፤ ምስር ይዞ ቢመጣ አትቆጡ። ዓሣ ፍለጋ ብቻውን ጣና ዳር መላክ ግን አይሆንም፤ ውኃውም ጉማሬውም አደገኛ ነው። የተረፈው ሳንቲም የልጁ ይሁን፤ ምን ላይ እንዳዋለው አትጠይቁት።