የኮሌጅ ወጪን እንዴት መሸፈን ይቻላል? ወደ ብድር ከመሄድ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

የኮሌጅ ወጪ ከአንድ ምንጭ ብቻ የሚሸፈነው ከስንት አንዴ ነው። ጥቂቱ ከስኮላርሺፕ፣ ጥቂቱ ከቤተሰብ፣ ጥቂቱ ከሥራ ይመጣል፤ የጎደለውን ብድር ይሞላዋል። ወሳኙ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ የማይመለስ ገንዘብ፣ ቀጥሎ ሠርተው የሚያገኙት፣ በመጨረሻ ብድር። ብዙ ቤተሰብ ተገላቢጦሹን የሚያደርገው ዘግይቶ ስለሚጀምር ነው። የብዙ ትልልቅ ስኮላርሺፖች ማመልከቻ ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ ከ12 እስከ 18 ወር ቀደም ብለው ይነሱ።

1. ሙሉውን ወጪ ይጻፉ

የትምህርት ክፍያ ላይ መመዝገቢያን፣ ላብራቶሪን፣ መኖሪያን፣ ምግብን፣ መጻሕፍትን፣ ትራንስፖርትንና የጤና መድንን ይደምሩ። ውጭ አገር ከሆነ ቪዛና የአውሮፕላን ቲኬትም አለ። የአንዱን ዓመት ድምር በአራት ማባዛት ብቻውን አይበቃም፤ ዋጋ በየዓመቱ ይጨምራል። ጭማሪው 5 በመቶ ቢሆን፣ ዘንድሮ 100,000 የሚፈጅ ትምህርት በአራት ዓመት 400,000 ሳይሆን 431,000 ይደርሳል።

2. ከኪስ የሚወጣውን ያወዳድሩ

ኮሌጁ ያሳወቀው ዋጋና እርስዎ የሚከፍሉት ሊለያዩ ይችላሉ። የአሜሪካዎቹ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው፤ ነገር ግን የውጭ አገር አመልካችንም ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፣ ለተቀበሉት ተማሪ ደግሞ ቤተሰቡ የማይችለውን ይሸፍናሉ። በሌላ በኩል የጀርመን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ ግን ቪዛ ለማግኘት የመኖሪያ ወጪውን የሚችል መሆኑን ማሳየት አለበት። ውድ የተባለው ርካሽ፣ ነፃ የተባለው ውድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

3. ስኮላርሺፕን እንደ መደበኛ ሥራ ይያዙት

አንድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ የሰጪው ስም፣ የገንዘቡ መጠን፣ የመጨረሻ ቀን፣ የሚፈለጉ ሰነዶች፣ የሚታደሰው በምን ሁኔታ እንደሆነ። ለየትኛው የትምህርት ደረጃ እንደሆነ ቀድመው ያጣሩ። ለምሳሌ የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ነው፤ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከትምህርት በኋላም ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እሱን ሲከታተል ለእሱ የሚሆነው ያልፈዋል። ታዋቂ ስሞች ላይ ብቻ ማተኮርም ጉዳት አለው። ኮሌጁ ራሱ፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የወላጅ መሥሪያ ቤት፣ የሙያ ማኅበርና የእምነት ተቋም የሚሰጡት ገንዘብ አነስ ቢልም ተወዳዳሪው ጥቂት ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን መምህር ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይጠይቁ፤ ከጥያቄው ጋር ትራንስክሪፕትዎንና የሠሯቸውን ነገሮች አንድ ገጽ ላይ አድርገው ይስጡ። ባዶ እጁን የተጠየቀ መምህር «ጎበዝና ታታሪ ነው» ከማለት ሌላ የሚጽፈው አያገኝም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደግሞ አይጠቅምም። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው ግን ከዚህም ባነሰ ምክንያት ነው፦ በፓስፖርቱና በትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ስም አጻጻፍ አይገጥምም፣ የሰነዱ ትርጉም በሕጋዊ አካል አልተረጋገጠም፣ ወይም አመልካቹ የተጠየቀውን ትቶ ለሌላ ቦታ የጻፈውን ድርሰት ይልካል።

«ስኮላርሺፑ ተረጋግጦልዎታል፣ ማስፈጸሚያ ይክፈሉ» የሚል መልእክት ከመጣ አይክፈሉ። ገንዘብ ሊሰጥዎት ያሰበ አካል አስቀድሞ ገንዘብ አያስልክዎትም።

4. ኮሌጁ የላከውን የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ በሁለት ቀለም ያንብቡት

ኮሌጆች ስኮላርሺፕን፣ በግቢ ውስጥ ሥራንና ብድርን አንድ ላይ ደምረው «የተሰጠዎት ድጋፍ» ብለው ይጽፋሉ። የማይመለሰውን በአንድ ቀለም፣ የሚመለሰውንና ሠርተው የሚያገኙትን በሌላ ያስምሩ። ከጠቅላላው ወጪ ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ይቀንሱ። ከዚያ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ለአራቱም ዓመት ይቀጥላል ወይ? ከሌላ አካል ስኮላርሺፕ ባገኝ የእናንተን ትቀንሳላችሁ? ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አንዳንድ ኮሌጅ ግን በእርግጥ ይቀንሳል።

የቤተሰብ ገቢ ከቀነሰ፣ ሥራ ከታጣ ወይም ሕመም ካጋጠመ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ይጻፉ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የሆነውን፣ ማስረጃውንና የጎደለውን መጠን በቁጥር ይያዝ። «እባካችሁ እርዱኝ» ከሚል ልመና ይልቅ «ለዚህ ሴሚስተር ይህን ያህል ይጎድለኛል» የሚለው መልስ ያገኛል።

5. ወጪውን ራሱን ያሳንሱ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በርካሽ ኮሌጅ ተምሮ መዛወር ከፍተኛ ቁጠባ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚቆጥር በጽሑፍ ካረጋገጠ ብቻ ነው። አለበለዚያ ያው ኮርስ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። ክፍያን በወር በወር ለመክፈል ቢሮውን ይጠይቁ፤ ብዙዎቹ ያለ ወለድ ይፈቅዳሉ። ሥራን በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሰዓት ይገድቡት። አንድ ሴሚስተር መድገም በትርፍ ሰዓት የተገኘውን ሁሉ ይበላል።

6. የቀረውን ብቻ ይበደሩ

100,000 በ6 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት የሚከፈል ብድር በወር 1,110 ገደማ ይጠይቃል፤ ጠቅላላው 133,000 ይሆናል። ወለዱ በትምህርት ላይ እያሉ መቁጠር ጀምሮ ለአራት ዓመት ካልተከፈለ 24,000 ይጠራቀማል። ይህ በዋናው ብድር ላይ ሲደመር ወርኃዊ ክፍያው ወደ 1,377፣ ጠቅላላው ወደ 165,000 ያድጋል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ፣ መቼ መቁጠር ይጀምራል፣ ቀድሞ መክፈል ያስቀጣል ወይ፣ ዋሱስ መቼ ነፃ ይወጣል ብለው ይጠይቁ። የብድሩ ድምር በሙያው ጀማሪ ሠራተኛ በዓመት ከሚያገኘው ደመወዝ ባይበልጥ ይመረጣል። ወርኃዊ ክፍያው እንደሚያቅትዎት ካወቁ ቀኑ ሳያልፍ ለአበዳሪው ያሳውቁ፤ ጊዜ ማራዘምም ሆነ ክፍያ ማሳነስ ውዝፍ ከመመዝገቡ በፊት ይቀላል።