ናኖሲሊካ የተጨመረበት የቃጫና የግላስ ፋይበር ኮምፖዚት ሲደክም፦ ችግርና መፍትሄ

ቃጫንና ግላስ ፋይበርን (የመስታወት ክርን) በአንድ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ሬዚን) የሚያጣምር ሃይብሪድ ኮምፖዚት (ከተለያዩ ቁሶች የተቀናጀ ቁስ) ከቃጫው ቅለትን፣ ከግላሱ ጥንካሬን ያገኛል። ናኖሲሊካ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት፣ የሚጨመረው በፋይበሮቹ መካከል ያለው ሬዚን ስንጥቅን እንዲቋቋምና ፋይበሩን አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ይሁን እንጂ ናሙናው ሲፈተን ያለ ዱቄት ከተሠራው ያነሰ ውጤት የሚያሳይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ ዱቄት ከመጨመር ወይም ሌላ ዓይነት ቅንጣት ከመግዛት በፊት አዘገጃጀቱን መመርመር ይገባል።

ምልክት 1፦ ጥንካሬው ቀንሷል፣ ናሙናውም በድንገት ይሰበራል

ምክንያቱ በአብዛኛው የቅንጣቶቹ መጓጎል ነው። የቅንጣቱ ስፋት 12 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ፊውምድ ሲሊካ (በነበልባል የሚሠራ ደቃቅ የሲሊካ ዱቄት) በ1 ግራም ውስጥ 200 ካሬ ሜትር ያህል የገጽ ስፋት ይዟል፤ በዚህ ገጽ ላይ ያሉት የሃይድሮክሲል ቡድኖች (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች) ስለሚሳሳቡ ዱቄቱ በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ይጓጉላል። የጓሉ መሐል ሬዚን ያልደረሰው ደረቅ ዱቄት በመሆኑ ጭነት ሲያርፍበት ስንጥቁ ከዚያ ይነሳል።

ማጠንከሪያው (ሬዚኑን የሚያደርቀው ኬሚካል) ከመግባቱ በፊት ከሬዚኑና ከዱቄቱ ድብልቅ አንድ ጠብታ በሁለት የመስታወት ስላይዶች መካከል ጨፍልቆ ወደ ብርሃን አቅንቶ ማየት ያስፈልጋል። በዓይን የሚታይ ነጭ ነጥብ ካለ፣ ያ ነጥብ በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር ጓል ነው። በእኔ እምነት ይህን ያህል ርካሽና ጠቃሚ ፈተና የለም፤ ሆኖም ጠብታው ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ ስላልሆነ የስብራቱን ገጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

መፍትሄው ዱቄቱን ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓታት አድርቆ፣ ማጠንከሪያ ባልገባበት ሬዚን ውስጥ በአልትራሳውንድ መበተን ነው። መሣሪያው ሬዚኑን ስለሚያግለው ዕቃው በበረዶ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥራው እያረፉ መከናወን አለበት። መጠኑንም ከሬዚኑ ክብደት 1 በመቶ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ይሻላል። ችግሩ ከቀጠለ በሳይሌን (ሲሊካን ከሬዚን ጋር በሚያስተሳስር ኬሚካል) የታከመ ሲሊካ መጠቀም ይረዳል። ደረቁ ዱቄት በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ጭምብል ሳያደርጉ መመዘን አይገባም።

ምልክት 2፦ በዝርጉ (ተደራርቦ በተሠራው የኮምፖዚት ሰሌዳ) ውስጥ የአየር አረፋ ይታያል

ዱቄቱ ሬዚኑን ስለሚያወፍረው አየሩ መውጫ ያጣል። ሬዚኑን በመጠኑ አሙቆ በቫኩም (አየሩ በተመጠጠ ዕቃ) ውስጥ አረፋው ተነስቶ እስኪወድቅ ማቆየት፣ ማጠንከሪያውን ግን ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ መጨመር ያስፈልጋል።

ምልክት 3፦ ዝርጉ አልደረቀም፣ ወይም በሙቀት ቶሎ ይለሰልሳል

ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የስሌት ስህተት ነው። 40 በመቶ ሲሊካ ያለበት የተዘጋጀ ሬዚን ሲገዛ በ100 ግራሙ ውስጥ ያለው ኢፖክሲ 60 ግራም ብቻ ነው፤ ለ100 ግራም ኢፖክሲ 30 ግራም ማጠንከሪያ የሚታዘዝ ከሆነ የሚገባው 18 ግራም ነው፣ 30 አይደለም። ስለዚህ ማጠንከሪያው ሁልጊዜ የሚሰላው ዱቄቱ ተቀንሶ ነው። ሁለተኛው ለማሟሟት የገባ አሴቶን በውስጡ መቅረቱ ሲሆን፣ ድብልቁ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ እየተመዘነ መትነን አለበት።

ምልክት 4፦ ሬዚን በሚገባበት በኩል ነጣ ያለ፣ በሌላው ጫፍ ጥርት ያለ ዝርግ

ሬዚኑ በፋይበሩ መካከል ሲፈስ ፋይበሩ ጓሉን እንደ ወንፊት አጥልሎታል። ሥርጭቱን ማሻሻል፣ ካልሆነም በእጅ እየቀቡ መደረብ ይሻላል።

ምልክት 5፦ በስብራቱ ላይ ቃጫው ራቁቱን ተነቅሎ ይታያል

ከቃጫው ላይ ሬዚን ካልተጣበቀና የተነቀለበት ቀዳዳ ለስላሳ ከሆነ፣ ጥፋቱ የናኖሲሊካው አይደለም፤ ዱቄት መጨመርም አያድነውም። ቃጫ እርጥበት ስለሚስብና ገጹ ላይ ሰም መሰል ነገር ስላለው ከኢፖክሲ ጋር በቀላሉ አይስማማም። በ5 በመቶ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ብጥብጥ መንከር፣ አልካሊው እስኪለቅ በውሃ ደጋግሞ ማጠብና በምድጃ ማድረቅ ይጠይቃል፤ ከዚህ እጅግ የጠነከረ ብጥብጥ ግን ራሱን ሴሉሎሱን ይጎዳል። የደረቀው ቃጫ ሬዚን እስኪቀባ ድረስ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ክፍት ከተተወ የአየሩን እርጥበት መልሶ ይስባልና።